አራተኛዋ ደረጃ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከመናፈሻው መሐል፣
ጉሬዛ ከሚዘልበት ዝግባ ሥር አንድ አሮጌ ቤት ይታያል።
ፎቁ እንጨት፣ ወለሉ እንጨት፣ ሰገነቱም እንጨት፤
«ሚስማር አልነካውም» ይላል አስጎብኚው በኩራት።
ውሸቱን ነው።
መቶ አርባ ሁለት ሚስማር ቆጥሬያለሁ በጣቴ፣
ስንኖርበት፣ ባንድ ክፍል፣ እኔ፣ አባቴና እናቴ።

ያሠራው አባ ጨብሳ ነው፣ የጅማ ቡና ነጋዴ፣
ዓመት ሙሉ የሚያስብ፣ የሚናገር ግን አንዴ።
አናጢው ሻንካ ይባላል፣ ከዳውሮ የመጣ፤
ደረጃውን ገጥሞ ሲሞክር፣ ካራተኛዋ «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ወጣ።
አፈረ። ሊነቅላት መዶሻውን አነሳ።
«ተዋት» አለ አባ ጨብሳ፤
«ቤትም ጆሮ ያሻዋል፤ እኔ ልተኛ፣ እሷ ትስማ፤
ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ ትንገረኝ በጨለማ።»

ቀመሪያን በሠርጓ ቀን ሲያመጧት፣ ሲጢጥ አለች፤
ሙሽራይቱ ደንግጣ፣ «ማንን ረገጥሁ?» ብላ ሳቀች።
አባ ጨብሳ ሲሞት፣ ስድስት ሰው ተሸክሞት ሲወርድ፣
ስድስት ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ዝም፣ እስከ መስጊዱ መንገድ።

ጣሊያን ገባ። አንድ መኮንን ሰገነቱ ላይ ካርታ ሲጫወት አመሸ፤
እንቅልፍ ብትነሳው አሥራ አንድ ሚስማር መታባት፤ ድምጿ ሦስት ቀን ሸሸ፣
ባራተኛው ተመለሰ።
እሱ ሄዶ ቀረ። ሚስማሮቹ አልሄዱም።

በስድሳ ሰባት፣ በሐምሌ፣ አዋጁ በራዲዮ ተነበበ፣
ቤቱ «ትርፍ» ተባለ፤ ግቢው በሰው ተከበበ።
ቀመሪያ አርጅታ ነበር። ቁልፎቹን በሻሽ ቋጥራ አስረከበች፣
አራተኛዋን በእግሯ ጣት ዳብሳ፣ ምንም ሳትል ወረደች።
ምድር ቤቱ ቀበሌ ሆነ፣
ፎቁ ለስምንት አባወራ ተሸነሸነ።
የሙሽራይቱ መኝታ ቤት ግማሹ ለኛ ደረሰ፤
ከአቡጀዲው መጋረጃ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ልጅ አለቀሰ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ ሲገባ፣
ሆን ብሎ ይረግጣታል፤ እኔም እዘላለሁ ከብርድ ልብሱ ሥር ልገባ።
«እዚህ ቤት ልጅ የለም እንዴ?» ይላል። የለም፤ እኔም የለሁም።

አንድ ሌሊት፣ በሰባ፣ ጥር ይሁን የካቲት፣
ብዙ ጫማ ወጣ። ልቆጥር ጀምሬ አጠፋሁት።
ከዚያ መውረድ። ከጫማዎቹ መሐል አንድ ባዶ እግር።
እናቴ አፌን ይዛኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሲጢጥ ባለች ቁጥር ሁለታችንም ቀና፤
ጎረቤት ነው። ድመት ነው። እንጨቱ ነው፣ ዝናብ አለና።
ሌላ ቤት ሲሰጧት አልሄድም አለች እናቴ፤
«ሲመለስ የሚያውቀው ይህንን ነው፣ ልጄ፣ ተወኝ በሞቴ።»

መንግሥት ተቀየረ። ነዋሪው ተነሳ፣ ሣርና አበባ ተተከለ፣
በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ተቀመጠ፤ ቤቱ «ቅርስ» የሚል ሰሌዳ አንጠለጠለ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ቬሎው ደረጃውን ያብሳል።
ፎቶ አንሺው «ቀስ! ፈገግ!» ይላል።
ሲጢጥ ትላለች። ሙሽራይቱ ትስቃለች። ያኔ ያነሳል።

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጣ፣ ሙዘሚል የሚሉት ትሑት ልጅ፤
«አራተኛዋ ላልታለች፣ በአዲስ ሳንቃ እንቀይራት» አለኝ። እኔ ዘበኛው ነኝ እንጂ
ባለቤት አይደለሁ። ግን አልሁት፣
«ጣሪያውን ቀይር፣ ቦዩን ቀይር፣ ቀለሙንም እንደወደድህ፤
እሷን ተዋት።»
«ለምን?»
ምን ልበለው? እናቴን ከቀበርኋት ዘጠኝ ክረምት አለፈ።
«የሚመጣ ሰው አለ» አልሁት።
ልጁ ለአፍታ አየኝና ደብተሩን አጠፈ።
ሲወርድ ተመለከትሁት፤ አራተኛዋን ተራመዳት፣ ሳይረግጣት።

የጣሊያኑን አሥራ አንድ ሚስማር ግን ንቀልልኝ ማለቱን ረሳሁት።
ነገ እነግረዋለሁ።